ቁልቁለት የሸፈነውን ዳገት ገለጠው

አርባ ዓመት የተለበሰ ካፖርት ገበያ ቢወጣ የሚገዛው ሰው አይገኝም። አርባ ዓመት የተነዳ ኦቶሞቢል ግን በአገራችን ገበያ እጅግ ተፈላጊ ነው፤ ሻጩም አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጋ ይጠራል። ለዚህ ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ከውጭ አገር ሲገቡ ባረጁ መጠን የከበደ ታክስ ጣለባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቀድመው የገቡት አሮጌዎች፣ ጥርሳቸው የረገፈም ቢሆን፣ እንደ ልጅ ይታቀፋሉ፤ እንደ ሙሽራም ይዳራሉ።

ይህን የምንጽፈው በመኪና ዋጋ ለማማረር አይደለም። የተማሪ ጭንቀት የታክሲ ሒሳብ እንጂ የመኪና ዋጋ አይደለምና። ነገር ግን ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኛ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዳችን የሥነ ጽሑፍ ሌላችን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች፣ አጎታችን አዲስ አበባ ላይ የገዙትን አሮጌ ኦቶሞቢል አጅበን እስከ አሰላ ሄደን ነበር። መንገዱ ከ180 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን አምስት ቀን ፈጀብን። በእነዚህ አምስት ቀናት ያየነውና የሰማነው ነገር በመማሪያ ክፍል ከምንሰማው የማያንስ ሁኖ ስላገኘነው፣ ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

አጎታችን፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ለሠላሳ አራት ዓመታት የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በየወሩ አዳማ ወርደው ሐኪም ዘንድ መታየት አለባቸው። በሚኒባስ አራት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር አምስተኛ ሁነው ሄደው ሲመለሱ፣ ሕክምናው ያሻለውን መንገዱ መልሶ ይወስደዋል። መኪናይቱ የተፈለገችው እንግዲህ ለኩራት ሳይሆን እትዬን ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ በቀረው ቀን ደግሞ ለትንሿ ሱቃቸው ከአዳማ ዕቃ ለማመላለስ ነው።

ገንዘቡ ግማሽ ሚሊዮን ብር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ከዚህ ውስጥ የሚበዛው የጋሼ አይደለም፤ የመምህር ጡረታ እንኳንስ መኪና ጎማም በቅጡ አይገዛም። የጋሼ የበኩር ልጅ፣ እኛም እኅታችን የምንላት፣ ቤይሩት በሰው ቤት እየሠራች ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

መኪናይቱ ሰዎች «ዲ ኤክስ» የሚሏት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ ሞተሯም ባለ አራት ሲሊንደርና 1,300 ሲሲ ነው። ይህ ዓይነት መኪና በጽናቱ የታወቀ ስለ ሆነ ጋሼ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሻጩም ሊያዩዋት በሄዱ ጊዜ ሁሉ ሞተሯን አስነሥቶና አሙቆ ይጠብቃቸው ነበር። «መምህር፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነው» ይላቸዋል። ይህ ትሕትና ምን ማለት እንደ ነበረ የገባን በኋላ ነው። ውሉ ላይ እንደ አገሩ ልማድ «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ገባ፤ ምስክሮች ፈረሙ፤ ደላላው ድርሻውን ቆጥሮ መረቀን፤ ሻጩም መኪናይቱን በእጁ ዳበስ ዳበስ አድርጎ «እንደ ዐይኔ ብሌን የያዝኳት ናት» አለና ተሰናበተን።

አሁን ስለ መንገዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን አዳማ ያለችው 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከቃሊቲ ተነሥቶ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ አዳማ የሚገባው አሮጌው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ አልፎ አልፎ ከሚገኝ ጉብታ በቀር መንገደኛውን ቀስ እያለ ወደ ታች ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን የክፍያ መንገድ ትተን በዚህ የሄድነው፣ ጠባይዋን ላላወቅናት መኪና በየመንደሩ ቆም ማለት የሚቻልበት መንገድ ይሻላል ብለው ጋሼ ስለ መከሩ ነው።

በዚህ ቁልቁለት ላይ መኪናይቱ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አልነበረባትም። ጋሼ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። የጭነት መኪናዎች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉናል። እኛም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ስለ እኅታችን፣ ስለ እትዬ ጉልበትና ስለ ሱቁ እያወራን አዳማ ስንደርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመካከል ትንሽ ከፍ ከማለቱ በስተቀር የታየ ነገር አልነበረም። «የቆላ ሙቀት ነው» አልን፤ እውነትም አየሩ ይሞቅ ነበር።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ ወደ አዋሽ መልካሳ ዝቅ ይልና አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ጠባዩን ይለውጣል። በወንዙ አጠገብ 1,500 ሜትር ያህል የነበረው ከፍታ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ በኩል እየጨመረ ሄዶ አሰላ ሲደርስ 2,400 ሜትር ያህል ይሆናል። ዳገቱ ሲጀምር ጋሼ ማርሹን ቀነሱ። ሞተሩ እንደ ሰነፍ ተማሪ አጉረመረመ። ቀስቱ ወደ ቀዩ መስመር ገሠገሠ። ዴራ ሳንደርስ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ፤ ጋሼም መኪናይቱን ወደ ዳር አውጥተው ሞተሯን አጠፉ።

ታናሽየው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ጋሼ ክፍል ውስጥ ይጮኹት በነበረው ድምፅ «ተው!» አሉት። በዚያ ክዳን ሥር ያለው ውሃ ተጨንቆ የተዘጋበት ስለ ሆነ በትኩሱ ቢከፈት ፊትን ይልጣል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ዛፍ በሌለበት ዳር ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ በአህያ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ጭና ወደ ቤቷ የምትመለስ የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ቆማ ታየን ጀመር። ነገሩ ሲገባት ሳንጠይቃት አንዱን ጀሪካን አወረደችልን። ከየት እንደ ቀዳችው ብንጠይቃት በአገጯ ወደ አዋሽ አመለከተች። ገንዘብ ሰጠናት፤ ተቀበለች፤ ነገር ግን መልሳ ወርዳ መቅዳት እንዳለባት እናውቅ ነበር። መኪናይቱ የጠጣችው የአንድ ቤት የማታ ውሃ ነው።

ውሃውን ሞልተን አንድ ኪሎ ሜትር ሄድን፤ እንደገና ፈላች። በመጨረሻ ወደ አዳማ የሚመለስ ባዶ አይሱዙ አገኘንና በገመድ ጎትቶ ወሰደን። ሹፌሩ ለገመዱም ለድካሙም ምንም አልተቀበለንም፤ «መንገድ ላይ ያለ ሰው ነገ እኔ ነኝ» ብሎ ሄደ።

አዳማ ውስጥ ያደርንበት ጋራዥ ግቢው ዘይት የጠጣ፣ ጥላውም አንዲት የኒም ዛፍ የሆነ ስፍራ ነው። በማግሥቱ ጧት መካኒኩ መጣ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እርሱ ለረዳቱ የሚሰጠውን ትእዛዝ ስንሰማ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆንነው በልባችን ሳቅን፤ የመኪናችን ብልት ሁሉ ጣሊያንኛ ይናገራልና። የሲሊንደሩ ክዳን ቴስታታ ነው፤ በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ስስ መጋጠሚያ ጓርኒሲዮን ነው፤ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው፤ ይኸውም በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሚታው፣ ቺንጋው ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ቢወጣም ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ እጅ ሳይሰጡ ቀርተዋል። እኛ በክፍል ውስጥ ስለ ቃላት ውርስ ስንማር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ነበር።

መካኒኩ በመጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ነካ። ቀዝቅዞ ነበር። «እንዲህ ነው መታየት ያለባት» አለ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣና «ኑ፣ እዩ» አለን። ከውሃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጦ አሳየን፤ በውስጡ ወተት የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ተለጥፏል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ነገሩን እንዲህ አስረዳን። በሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ ሲቃጠል የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ይህን እሳት ከውሃው መተላለፊያ የሚለየው ያ ስስ ጓርኒሲዮን ነው። እርሱ የተቃጠለ እንደ ሆነ እሳቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃውም ይፈላል። በሜዳና በቁልቁለት ሞተሩ ብዙ ስለማይደክም ነገሩ ሊደበቅ ይችላል። ዳገት ሲሆን ግን ጉልበት ይጠየቃል፤ እሳቱም ይበዛል። ደግሞም ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአሰላ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደኅና የራዲያተር ክዳን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው ከዚያ በላይ ሙቆም ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። የእኛ ክዳን ግን ላስቲኩ ያለቀ ነበር።

ከዚህ በኋላ መካኒኩ ዝም ብሎ ጥቂት ሠራና ሁለት ነገር አወጣ። አንደኛው፣ ቴርሞስታቱ በቦታው የለም፤ አንድ ሰው አውልቆታል። ቴርሞስታት ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው፤ ሲወልቅ ሞተሩ በሜዳ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ስለሚሄድ በሽታው ለጊዜው አይታይም። ሁለተኛው፣ ከራዲያተሩ ሥር ውሃው ሲለቀቅ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ፤ ቀዳዳ ለመድፈን የሚጨመር ዱቄት ነው። «በርበሬ የሚጨምርም አለ፤ እንቁላል የሚጨምርም አለ» አለን መካኒኩ። «ታዲያ ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው» አሉ ጋሼ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን የጋሼ ሳቅ ቶሎ አለቀ። ሞተሯ ሁልጊዜ ሙቃ የቆየቻቸው ለምን እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት ተረዱ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ክዳኑ ሊከፈት፣ አረፋውም ሊታይ ይችላል፤ በሞቀ ሞተር ላይ ግን ክዳኑን ማንም አይደፍርም።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነው በዚህ ጊዜ ትምህርቱ ትዝ አለው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ይህ ሥራው ተጠቅሶለታል። በአሜሪካ ቋንቋ የተበላሸ መኪና «ሎሚ» ይባላል። ሊቁ የሚለው እንዲህ ነው፤ ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢው «ምናልባት ሎሚ ትሆናለች» ብሎ ፈርቶ ዋጋ ይቀንሳል። ዋጋው ሲቀንስ ደኅና መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይቀራል። ደኅናው ሲቀር ገበያው ውስጥ የሚተርፈው ሎሚው ብቻ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሻጭ ዝም ሲል የሚጎዳው የእርሱን ገዢ ብቻ ሳይሆን እውነቱን የሚናገረውንም ሻጭ ነው ማለት ነው። ጋሼ ይህን በጥሞና ሰምተው «በእኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ለወደዱት የሚወረወር ነበር» አሉ።

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከጋራዡ ደጅ የማይጠፋ አንድ ወጣት ደላላ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ከአርሲ ገጠር እህሉን ሸጦ የመጣ፣ አዳማ ለሚኖር ልጁ መኪና የሚፈልግ፣ በዕድሜም በአለባበስም ጋሼን የሚመስል ነው። ኮሮላችንን ዞሮ ዞሮ አየና ወደዳት። ደላላውም ጋሼን ወደ ጎን ወስዶ «ፋዘር፣ እርስዎ በገዙበት ዋጋ ይወስዳታል። ልጁ የሚነዳት እዚሁ አዳማ ሜዳ ላይ ነው፤ ለወራት ምንም አትሆንም። እርስዎ መዋሸት የለብዎትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው» አላቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታይህ። በአንድ በኩል ቆመን ስንመረምረው እንዲህ ይላል፤ እኛ ያላደረግነውን በደል ለምን እኛ ብቻ እንሸከማለን? ገንዘቡ የአንዲት ሴት የሦስት ዓመት ጉልበት ነው፤ ለባለቤቱ መመለስ ግዴታ አይደለምን? ሰውየውስ ከመግዛቱ በፊት መካኒክ ማማከር የራሱ ፈንታ አይደለምን? በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ክርክር ሁሉ ትናንት አዲስ አበባ ላይ ሻጩ ለራሱ የተናገረው ክርክር መሆኑ ግልጽ ነው። እርሱም ምናልባት ከሌላ ሰው ተታልሎ ይሆናል። እኛ ሁለታችን ይህን በዛፉ ጥላ ሥር እንደ ክርክር ክበብ አንድ በአንድ ስናነሣና ስንጥል ጋሼ ዝም ብለው ያዳምጡን ነበር። በመጨረሻ «ገንዘቡ የእናንተም አይደለም፤ የእኔም አይደለም። ባለቤቷን እንጠይቅ» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

እኅታችን ስልኩን ያነሣችው ከሥራ ቦታ ተደብቃ ስለ ነበር በሹክሹክታ ትናገራለች። ጋሼ ሁሉንም ነገር፣ አረፋውንም ዱቄቱንም የገዢውንም ነገር፣ ሳያስጌጡ ነገሯት። እርሷ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም እንዲህ አለች፤ «አባዬ፣ እኔን እዚህ ያመጣኝ ደላላ አልዋሸኝም። ለአንድ ቤተ ሰብ ትሠሪያለሽ አለኝ፤ እውነት ነው፤ ቤተ ሰቡ አንድ ነው። ሦስት ቤት እንዳላቸው ግን አልነገረኝም። የዕረፍት ቀን እንደሌለም አልጠየቅሁትም፤ አልነገረኝም። ሰውየው አንተን መስሎ እህሉን ሸጦ ከመጣ ንገረው። ገንዘቡን እንደገና እሠራዋለሁ።» ከዚህ በኋላ የሰው ድምፅ ስለ ሰማች ስልኩን ዘጋችው።

ጋሼ ስልኩን ኪሳቸው ከትተው ወደ ሰውየው ሄዱ። ደላላው ሊከለክላቸው ቢሞክርም እጁን ቀስ አድርገው አነሡት። «ወንድሜ፣ ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሏል። ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ትፈላለች። እኔም ትናንት ነው የገዛኋት» አሉት። ሰውየው መኪናይቱን አየ፣ ጋሼን አየ። «ከሰኞ ጀምሮ መኪና ሳይ ስድስተኛዬ ናት፤ አንድም ሰው ስለ በሽታ የነገረኝ የለም። ስድስቱም ጤነኛ ነበሩ» አለ። ከዚያም አመስግኖ መካኒኩን ወደ ጎን ጠራውና፣ ነገ ሌሎቹን መኪናዎች በቀዝቃዛ ሞተር እንዲያይለት ቀጠረው። በዚህ የተነሣ እኛ አንድ ሙሉ ቀን ያለ መካኒክ ቀረን። ጽድቅ ዋጋ አለው ሲባል የሰማነው ለካ የሆቴል ኪራይንም ይጨምራል።

በአራተኛው ቀን ቴስታታው ተፈታ። ጓርኒሲዮኑ በሦስተኛው ሲሊንደር ጠርዝ ላይ ጠቁሮና ተበልቶ ተገኘ። ቴስታታውም ከሙቀት የተነሣ ጥቂት ስለ ጎበጠ በማሽን ተልጎ እንዲስተካከል ተላከ። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ የራዲያተር ክዳን ተገዛ፤ ራዲያተሩ ታጠበ፤ ዘይቱ ተለወጠ። መካኒኩ ቡሎኖቹን ሲያጠብቅ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ አንዴ ሳይሆን በሦስት ዙር ጥቂት ጥቂት እያለ ነበር። «አንዱን ጥግ ቀድመህ ብታጠብቀው ሌላው ይነሣብሃል» አለን።

በአምስተኛው ቀን ጧት አዋሽን ዳግመኛ ተሻገርን። ዳገቱ ሲጀምር ማንም አልተናገረም፤ ሦስታችንም ዐይናችንን ከቀስቱ ላይ አልነቀልንም። ቀስቱ ግማሽ ላይ ቆመ፤ ዴራን አለፍን። ኢተያ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን፤ ግማሽ ላይ ነበር። አሰላ ስንገባ እትዬ ደጅ ቆመው እልል አሉ፤ በሰባተኛው ቀንም በዚያችው መኪና ሐኪም ዘንድ ወርደው ተመለሱ። ጋሼ ለጥገናው የወጣውን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ጽፈው ወደ ቤይሩት ላኩ። ሱቁ ግን ለሁለት ወር ያህል ዕቃ ሳይሞላለት ቀረ፤ የእኅታችንም የመመለሻ ቀን ወደ ፊት ተገፋ። ይህን መደበቅ አንፈልግም።

ወንድሞችና እኅቶች ተማሮች፥ ከመካከላችን የሕግ ተማሮች እንደሚያውቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢም የተረከበውን ነገር በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ሕጉ እንግዲህ አለ። ነገር ግን አንድ ጡረተኛ መምህር ከአሰላ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ቢከስ፣ የታክሲውና የሆቴሉ ወጪ ከጓርኒሲዮኑ ዋጋ እንዳይበልጥ ያሠጋል። ስለዚህ ሕጉ ከመድረሱ በፊት ሊደረግ የሚቻለውን እንናገር። ዘመድ ወይም ጎረቤት አሮጌ መኪና ሲገዛ ሞተሯ ሳትነሣ በጧት ይሂድ፤ በእጁ ይንካት፤ ሙቃ ከጠበቀችው በሌላ ቀን ይመለስ። መካኒክ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ያስከፍት፤ የዘይቱን ክዳን ገልብጦ ይይ። በሜዳ ሳይሆን በዳገት ይሞክራት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በውሉም ላይ «አይቼና ወድጄ» ከሚለው ቃል አጠገብ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት በግልጽ እንዲጽፍ ይጠይቅ። ጉድለት የለም የሚል ከሆነም እርሱኑ ጽፎ ይፈርምበት።

እኛ ተማሮች ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ለገበሬው፣ ለሠራተኛዋና ለነጋዴው ወረቀት የምናስፈርም ሰዎች እንሆናለን። ያን ጊዜ ዋሽተሃል ብሎ የሚይዘን ሰው ላይኖር ይችላል፤ ያልጠየቁንን አለመናገር ሁልጊዜ አያስቀጣምና። ነገር ግን በዚያ በኩል የሚፈርመው ሰው የገጠር እህሉን ሸጦ፣ ወይም የልጁን ጉልበት ይዞ የመጣ መሆኑን ማወቅ ለእኛ አስቸጋሪ አይደለም።

ጋሼ በበኩላቸው አንድ ነገር አድርገዋል። መኪናይቱ አንድ ቀን መሸጧ አይቀርምና፣ እንደ ቀድሞ ልማዳቸው በእጅ ጽሑፋቸው የውጤት ካርድ አውጥተውላት በፊተኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋል። የሚገዛት ሰው አብሮ እንዲረከበው ነው። እንዲህ ይላል፤ ፍሬን 80፤ ማርሽ 75፤ የፊት መብራት 90፤ የኋላ መብራት 50፣ የግራው ይጠፋል፤ የቀኝ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ሞተር፣ አንድ ጊዜ ወድቆ ደግሞ ያለፈ፤ ጠባይ፣ ዳገት ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከግርጌው ቀኑና የክፍሉ ኀላፊ ፊርማ አለበት።